ባክአፑ አለ፣ ዳታቤዙ ግን አልመለስ አለ፦ ችግርና መፍትሄ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የባክአፕ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ፍላሽም ይሁን። ከዚያ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩና ሪስቶሩን (ባክአፑን መልሶ መጫኑን) እዚያ ሞክሩ። እየሰራ ባለው ላይ በፍጹም እንዳትጭኑበት። ፋይሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ነባሩን ቴብል (ዳታው የሚቀመጥበትን ሰንጠረዥ) አጥፍቶ አዲስ የሚፈጥር ትዕዛዝ አለ፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱም አልገባም።

የማወራው ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ስለሚባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ነው፤ በብራውዘር በሚያስተዳድራቸው በፒኤችፒማይአድሚን ለምትሰሩ። ከታች ያሉት ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ የሚወጡ የኤረር ቁጥሮች ናቸው።

1046፣ ዳታቤዝ አልተመረጠም ይላል። ፋይሉ ቴብሎቹን እንጂ ዳታቤዙን ራሱን ላይፈጥር ይችላል። ባዶውን ፍጠሩ፣ በግራ በኩል ስሙን ክሊክ አድርጉ፣ ከዚያ ኢምፖርት። 1050 ካለ ደግሞ ቴብሉ ቀድሞም አለ ማለት ነው፤ ባዶ ነው ያላችሁት ዳታቤዝ ባዶ አይደለም።

ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ ይላል። ፒኤችፒማይአድሚን የሚሰራበት ፒኤችፒ ሴቲንጉ ካልተነካ የሚቀበለው 2 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ የአፕሎድም የፖስትም ልክ አለ፤ ሁለቱንም ከፍ አድርጋችሁ አፓቼን (ዌብ ሰርቨሩን) እንደገና አስነሱ። በመቶዎች ሜጋባይት ከሆነ ግን በብራውዘር አትድከሙ፣ በኮማንድ ላይን (ትዕዛዝ እየተጻፈ በሚሰጥበት መስኮት) አስገቡት።

1273፣ ኮሌሽኑን (ጽሑፍ የሚነጻጸርበትንና የሚደረደርበትን ደንብ) አላውቀውም ይላል። ባክአፑ የተወሰደው ከማይኤስኪውኤል 8 ነው፣ የምትመልሱበት ግን የቆየ ቨርዥን ወይም ማሪያዲቢ ነው። ኮፒውን በቴክስት ኤዲተር ክፈቱ፣ በውስጡ 0900 ያለበትን የኮሌሽን ስም ፈልጉ፣ ሁሉንም በዩኒኮድ_ሲአይ በሚያልቀው የዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኮሌሽን (utf8mb4_unicode_ci) ተኩ።

ሁሉም ገባ፣ አማርኛው ግን ተበላሽቷል። እኛን የሚያቃጥለን ይሄኛው ነው። አንድ ጊዜ የእድር አባላት መዝገብ ስመልስ ኤረር የሚባል አላየሁም፤ ቴብሉን ስከፍት ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ። አበበ የነበረው ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ደነገጥኩ።

እዚህ ላይ ቁጠሩ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ስልት) ሦስት ባይት ነው። በአንዱ ፊደል ቦታ ሦስት የማይነበቡ የላቲን ምልክቶች ካያችሁ ባይቶቹ አሉ፣ ተሳስተው ነው የተነበቡት፤ ኢምፖርት ገጹ ላይ የፋይሉን ካራክተር ሴት (ፊደሎቹ የተጻፉበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 አድርጋችሁ በአዲስ ዳታቤዝ ድገሙት። በአንዱ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ከዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ጠፍቷል። ያኔ ፋይሉን ራሱን ክፈቱ። ፋይሉ ላይ አማርኛው በትክክል ከተነበበ እፎይ በሉ፤ ጥፋቱ ምናልባት የዳታቤዙ ነው፣ የግዕዝ ፊደል በማይዘው በላቲን1 ተፈጥሮ ይሆናል። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብላችሁ ሌላ ፍጠሩ። ፋይሉም ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ ከዚያ ፋይል ምንም አይወጣም፤ ወደ ዋናው ማሽን ሄዳችሁ በትክክለኛው ካራክተር ሴት እንደገና ኤክስፖርት ማድረግ ነው ያለው። የኔ እንደዚያ ነበር፤ ደግነቱ አሮጌው ኮምፒውተር ገና አልተፎረማተም።

ኤረር የለም፣ ዳታው ግን ጎደሎ ነው። የፋይሉን መጨረሻ እዩ። ማይኤስኪውኤልዳምፕ በሚባለው የባክአፕ መውሰጃ ትዕዛዝ የተወሰደ ከሆነ፣ ኮሜንት (የማስታወሻ መስመር) እንዳይጽፍ ካልተደረገ በቀር፣ የመጨረሻው መስመር ዳምፕ ኮምፕሊትድ ይላል። ያ ከሌለ ባክአፑ ሲወሰድ ወይም ሲወርድ ተቆርጧል፤ ሌላ ቀን የተወሰደ ፈልጉ።

ሲያልቅ የዋና ዋናዎቹን ቴብሎች የረድፍ ብዛት ከቀድሞው ጋር አስተያዩ፣ የምታውቁትን የአንድ ሰው ስምም ፈልጋችሁ አንብቡ። ሲስተሙን ወደ አዲሱ ዳታቤዝ የምታዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።