ታጉ ተሰርዞ ክፍተቱ ሲቀር

ደብረ ማርቆስ ላይ የጎጃም የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር በኤክስኤምኤል (ጽሑፉን ታግ በሚባሉ የስያሜ ምልክቶች መካከል በሚያስቀምጥ አጻጻፍ) እየጻፍን ቤዝኤክስ በሚባል ዳታቤዝ እናስቀምጣለን። የዲማ ብራና፣ የመርጡለ ማርያም ብራና እያልን። ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ባዶ ቦታ ነው።

ምልክት፦ መዝገብ ሰርዛችሁ ፋይሉን ስታወጡት መስመሩ ባዶውን ተቀምጧል። ሃያ ከሰረዛችሁ ሃያ ባዶ መስመር።

ምክንያት፦ ለዓይን እንዲመች በታጎች መካከል ኢንተርና ስፔስ እንመታለን። ዳታቤዙ ግን ይህን ራሱን እንደቻለ የጽሑፍ ኖድ (የሰነዱ አንድ ክፍል) ይቆጥረዋል። ስረዛው የሚወስደው ያዘዛችሁትን ኤለመንት (ከመክፈቻው ታግ እስከ መዝጊያው ያለውን) ብቻ ነው። በፊቱና በኋላው የነበሩት ክፍተቶች ይቀሩና ተገጣጥመው አንድ ይሆናሉ።

መፍትሄ፦ ከኤለመንቱ ጋር፣ ልክ ከእሱ በፊት ያለውን የጽሑፍ ኖድም ሰርዙ። ግን መጀመሪያ ትርፍ ክፍተትን በሚያጠራው፣ ኖርማላይዝ ስፔስ በሚባለው ፈንክሽን አሳልፉት። ምንም ካልቀረ ክፍተት ብቻ ነው፤ ይሂድ። ይህን ማጣሪያ የዘለለ ሰው ቃልም አብሮ ይሰርዛል።

ምልክት፦ ቃላት ተጣብቀዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። «የጎጃም» የቦታ ታግ አለው፣ «ንጉሥ» የማዕረግ ታግ አለው፣ በመካከላቸው አንድ ስፔስ ነበር። ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ በኋላ «የጎጃምንጉሥ» ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያት፦ ፋይሉ ሲገባ ባዶ ኖዶችን የሚቆርጥ ምርጫ በርቶ ነበር። ከ10ኛው ቨርዥን በፊት ቤዝኤክስ ይህን በነባሪ ያደርግ ነበር። ከ10 ወዲህ ግን ካላዘዛችሁት አይቆርጥም። ቆራጩ የማስዋቢያውን ስፔስ ከቃል መለያው ስፔስ አይለይም። በሁለት ነጥብ (፡) የተጻፈ ጽሑፍ ግን ከዚህ ይተርፋል፤ ሁለት ነጥብ በኤክስኤምኤል ዘንድ እንደማንኛውም ፊደል ነው። የብራናውን አጻጻፍ እንዳለ ለመገልበጥ አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው።

መፍትሄ፦ የተቆረጠው ከዳታቤዙ ውስጥ አይመለስም። ምርጫውን አጥፍታችሁ ከዋናው ፋይል እንደገና አስገቡ። ስለዚህ ዋናውን ፋይል በፍጹም አትጣሉ፣ አደራ! መቁረጡን የግድ ከፈለጋችሁ፣ ጽሑፍና ታግ በተቀላቀሉበት አንቀጽ ላይ ኤክስኤምኤል ስፔስ የተባለውን አትሪቢዩት (በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) «ፕሪዘርቭ» ብላችሁ ጻፉ። ያን አንቀጽ አይነካውም።

ምልክት፦ «ዋሸራ» ብላችሁ ስትፈልጉ፣ በዓይናችሁ የምታዩት መዝገብ አይመጣም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ብዙ ጊዜ ከቃሉ በፊት ወይም በኋላ ኢንተር ተደብቋል፤ ኖርማላይዝ ስፔስ ያጠራዋል። ካልጠራ ከዎርድ ኮፒ ስታደርጉ የመጣ የማይሰበር ስፔስ (ሁለት ቃላት በመስመር መጨረሻ እንዳይለያዩ የሚያደርግ ክፍተት) ይሆናል። ኤክስኤምኤል ባዶ ቦታ የሚላቸው አራት ናቸው፦ ስፔስ፣ ታብ፣ አዲስ መስመርና የመስመር መመለሻ። የማይሰበረው ስፔስ ከእነሱ ውስጥ ስለሌለ ያ ፈንክሽን ያልፈዋል። መጀመሪያ ትራንስሌት በሚለው ፈንክሽን ወደ ተራ ስፔስ ቀይሩት፣ ከዚያ አጥሩት።