የጠፈር ድራማ ሠርታችኋል፤ አሁን አድማጩን አስወሩት

ጅማ ውስጥ ከሚወዱት የጠፈር ታሪክ ተነስተው፣ ገንዘብ ሳይጠይቁ፣ በአንድ ማይክና በአንድ ላፕቶፕ የድምፅ ድራማ የሚሠሩ አድናቂዎች ክፍል አንድን ለሰው ሲያሰሙ የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሪፍ ነው፣ በርቱ»። በዚህ መልስ የሚስተካከል ነገር የለም። ይሉኝታ አለና ማንም ፊት ለፊት «ሰለቸኝ» አይላችሁም። አድማጭ ግን ከእናንተ በተሻለ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ታሪኩ በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደጠፋበት። ለምን እንደጠፋበት ማወቅና መፍትሔ መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። አስተያየት የምትሰበስቡት ያቺን ደቂቃ ለማግኘት ነው።

ማንን ትጠይቃላችሁ

ለአንድ ክፍል ከ5 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ መልሱ ይደጋገማል፣ የሚመዘግበውም ሰው ይሰለቻል። ከቁጥሩ ይልቅ ስብጥሩ ላይ ተጨነቁ። ግማሾቹ የመነሻውን ታሪክ በቃላቸው የሚያውቁ፣ ግማሾቹ ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ይሁኑ። የሁለቱን መልስ በተለያየ ወረቀት ያዙ፤ አድናቂው «ያ መርከብ ሁለት ሞተር ነው ያለው» ብሎ ሲሟገት፣ አዲሱ ሰው መርከብ ውስጥ መሆናቸውንም ላያውቅ ይችላል። መጀመሪያ የሚስተካከለው የአዲሱ ሰው ነው። በየክፍሉም ቢያንስ ሁለት አዳዲስ ጆሮዎች ጨምሩ፤ ክፍል አንድን የሰማ ሰው ድምፆቹን ስለለመዳቸው ክፍል ሦስት ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ አይቸግረውም፤ ስለዚህ ችግሩን አይነግራችሁም።

ጅማ ውስጥ ብዙ አድማጭ አማርኛን ከአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ወይም በሁለተኛነት ይናገራል። አስተያየቱን በቀናው ቋንቋ ይስጥ፤ ከእናንተ መካከል አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይቀበለው። በሁለተኛ ቋንቋው እየሰማ «ፈጠነብኝ» ያለ ሰው ውድ ምልክት ሰጥቷችኋል፤ እሱ የሳተውን ቃል በአማርኛ አፉን የፈታ ሰውም ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሲሰማ ይስታል።

ወጣቶችን ብቻ አትሰብስቡ። ለዓመታት የሬዲዮ ድራማ ሲከታተሉ የኖሩ እናቶችና አባቶች ታሪክን በጆሮ መከተል ያውቁበታል። ችግሩ በልጆች ፊት «አልገባኝም» አለማለታቸው ነው። ሌላው ሲበተን ጠጋ ብላችሁ «አዴ፣ እስቲ ታሪኩን መልሰው ይንገሩኝ፤ የት ላይ ነው ያበላሸነው?» በሏቸው። ጥፋቱ አስቀድሞ የእናንተ መሆኑ ሲነገራቸው ይናገራሉ።

ፋይሉ

ሁሉም የሚሰማው አንድ ዓይነት ፋይል ይሁን። ለሙከራ በሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ፣ በአንድ ቻናል)፣ በኤምፒ3፣ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ብታወጡት 20 ደቂቃ ከ10 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ዳታ የሚቆጥብ ሰውም ያወርደዋል። ሞኖ የምንልበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሰው በአንድ ጆሮ ብቻ ነው ኢርፎን የሚያደርገው፤ ካፒቴኑን ወደ ግራ፣ ሮቦቱን ወደ ቀኝ የወሰዳችሁበት ስቴሪዮ ለዚህ ሰው ግማሽ ድራማ ነው። የድምፁን መጠን ለሞኖ ወደ −19 ሉፍስ (ሉፍስ ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ለስቴሪዮ −16) አስተካክሉ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ−1 ዴሲቤል አይለፍ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ይህን የሚሠራ ኢፌክት አለ፤ ሲከፈት ግን −23 ላይ ስለሚቆም ቁጥሩን ራሳችሁ ቀይሩት። ይህ ካልተደረገ የምትሰበስቡት አስተያየት በሙሉ «ድምፁ ያንሳል» ሆኖ ያርፋል፤ ስለ ታሪኩ አንድም ቃል አታገኙም።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። አድማጩም ፋይሉን ሪፕላይ አድርጎ «7:40» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ ወደዚያች ደቂቃ የሚወስድ ሊንክ ይሆናል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ «መሃል ላይ አካባቢ» ከሚል መልስ ትገላገላላችሁ። መጻፍ የሚከብደው በድምፅ ይላክላችሁ፤ በጽሑፍ ሁለት ቃል የሚሰጥ ሰው በድምፅ ሦስት ደቂቃ ያወራል።

ሰብስቦ ማሰማት

በአካል ማሰማት ከቴሌግራም ይሻላል፤ ሰው በአፉ የማይናገረውን በፊቱና በእጁ ይናገራል። ቡና ካለ መልካም ነው፤ ግን ሙቀጫው ሥራ ላይ እያለ አትጀምሩ። አቦል ተቀድቶ ሰው ሲረጋጋ ክፈቱ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሆነ ክፍል ቶና ሳይደርስ ያልቃል፣ ወሬው በቶናና በበረካ ይሆናል። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው፣ ሰው ቢመጣም ልቡ ገበያው ላይ ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመቻል። ስፒከሩ ቻርጅ ይደረግ፤ መብራት አትመኑ።

ድራማውን የጻፈው ሰው አስተናጋጅ አይሁን። ከመክፈታችሁ በፊትም ምንም አታብራሩ። «ታሪኩ በ23ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ይህቺ ልጅ እህቱ ናት» ካላችሁ ፈተናውን ራሳችሁ ሠራችሁት። አንድ ሰው ጥግ ይዞ ሰዓቱን እያየ ይመዝግብ፦ ማን በስንተኛው ደቂቃ ስልኩን አነሳ፣ ማን ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ማነው እሱ?» አለ፣ የት ተሳቀ። ሳይታሰብ የተሳቀበት ቦታ ከምንም በላይ ይመዝገብ፤ የተዋናዩ ለቅሶ ወይም የጭራቁ ድምፅ አስቂኝ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ደግሞ በመጥፎ ሁኔታ ሞክሩት። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በስልክ ስፒከር ከፍታችሁ ምን ያህሉ እንደሚሰማ እዩ። ሹክሹክታዎቻችሁ በሙሉ ይጠፋሉ። ሹክሹክታን በሹክሹክታ መቅዳት ራሱ አይመከርም፤ ተዋናዩ ወደ ማይኩ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር፣ ጆሮ ሹክሹክታ አድርጎ ይወስደዋል።

ጥያቄዎቹ

«ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥያቄ እንኳ አይደለም፦ «እስቲ የሰማችሁትን ንገሩኝ» ነው። አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክ፣ ሌላው አያርመው። የዘለለውን፣ ያቀያየረውንና «ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ…» ብሎ የቆመበትን ጻፉ። ከዚያ በኋላ፦

መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ስንት ሰው ነበር? የትስ ነበሩ?
ማን ከማን ጋር ተጣላ? በምን?
የማን ድምፅ ከማን ጋር ተመሳሰለባችሁ?
ስልካችሁን ለማየት ያማራችሁ የት ላይ ነው?
ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። ሁሉም ተመሳሳይ ግምት ከሰጡ ታሪኩ አስቀድሞ ታውቋል፤ ማንም ምንም መገመት ካልቻለ ደግሞ ምን ችግር እንደተፈጠረ አልተያዘም ማለት ነው። ሲመልሱ አትከራከሩ። «አይ እሱማ ክፍል ሁለት ላይ ይገለጻል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካመለጣችሁ ቤቱ ዝም ይላል። አመስግናችሁ ጻፉ፣ በቃ። በቴሌግራም የላካችሁላቸውንም በማግስቱ ጠይቁ፤ ሳምንት ካለፈ የሚቀረው «አሪፍ ነበር» ብቻ ነው።

መልሱን መፍታት

አድማጭ የሚያቀርበው መፍትሔ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የጠቆመው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ለምሳሌ ከ6 ሰዎች 4ቱ በ7:40 ላይ ማን እንደሞተ አላወቁም እንበል፤ ሁለቱ «ተራኪ ጨምሩበት» ብለዋል። ተራኪ ከመጨመራችሁ በፊት ቦታውን በስልክ ስፒከር ስሙት። የሟቹ ስም ከተጠራበት ቅጽበት ጋር የበሩ ድምፅ ገጥሟል፤ ስሙም የዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ ነው፣ ተዋናዩ ትንፋሹ ያለቀበት። የበሩን ድምፅ አንድ ሰከንድ አዘግዩት፣ 6 ዴሲቤል ቀንሱት፣ ስሙን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አምጡት። ተራኪ አላስፈለገም።

«የት እንዳሉ አልገባኝም» የጠፈር ድራማ ዋና ሕመም ነው። የአየር መቆለፊያ (ከመርከብ ወደ ጠፈር መውጫው ክፍል) በር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከአድማጮቻችሁ የሚያውቅ የለም። ፍስስስ ሲል የከተማ አውቶቡስ በር ነው የሚመስለው፤ እንዲያውም «አውቶቡስ ውስጥ መስለውኝ ነበር» የሚል አይጠፋም። መላው ቀላል ነው፦ ንግግሩ ይቅደም፣ ድምፁ ይከተል። «አየሩን አስወጣው፣ በሩን ልከፍት ነው» ከተባለ በኋላ የሚመጣ ፍስስታ ምንም ይሁን ምን በሩ ነው። የመርከቡ ሞተር ጉምጉምታም ሌላው ወጥመድ ነው። በጥሩ ኢርፎን ደረት የሚነካው የ60 ወይም የ80 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ በስልክ ስፒከር ፈጽሞ አይወጣም፤ አድማጩ የሚሰማው ባዶ ክፍል ነው። ከ200 እስከ 800 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ሌላ ንብርብር ጨምሩበት፤ ጠቅላላው ድባብ ግን ከንግግሩ 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

የራስ ቁር ውስጥ ያለ ሰው በሬዲዮ ሲናገር ድምፁን ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ክልል መቁረጥ የተለመደ ነው። በስልክ ስፒከር ግን ሁሉም ድምፅ አስቀድሞ ቀጭን ስለሆነ ልዩነቱ ይጠፋል፤ «ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ መሰሉኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ንግግር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አጭር የሬዲዮ ቃታ ድምፅና ትንሽ ሽሽታ አስገቡ። ሮቦቱ የማይሰማ ከሆነም ኢፌክቱ ተነባቢዎቹን በልቷቸዋል፤ ኢፌክት ያልነካውን ንጹህ ድምፅ በከፊል መልሳችሁ ቀላቅሉበት።

ድምፅ ተመሳሰለብኝ ለሚለው የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ስሞቹ ናቸው። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ሁለት የባዕድ ስሞች በጆሮ አንድ ናቸው። የመነሻው ታሪክ ስሞች ስለሆኑ መቀየር ካልቻላችሁ አንዱን በማዕረጉ ጥሩት። ትዕይንት ውስጥ ከአራት ሰው በላይ ካለም ዝም የሚለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ስክሪፕት ላይ የማይታየውን መጥበቅና መላላትም አትርሱ፦ «መርከቡ ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ተኳሹ፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚተኮስበት ነው፤ ውጊያ ላይ ይህ ከተሳሳተ አድማጩ አሸናፊውን ተሸናፊ አድርጎ ይቀጥላል።

«ሰለቸኝ» የተባለበትን ደቂቃ ብትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የሚያውቁትን መሣሪያ አንዱ ለአንዱ ሲያስረዳ ታገኛላችሁ። ቁረጡት።

ከዩኒቨርሲቲው ልጆች የሚመጣ ሌላ ዓይነት አስተያየት አለ፦ «ጠፈር ላይ ድምፅ አይጓዝም»። እውነት ነው፤ ሽንፈት ግን አይደለም። ፍንዳታውን መርከቡ ውስጥ ሆነን እንስማው፣ በብረቱ በኩል እንደ ንዝረት ይምጣ። ወይም ሁሉንም ጸጥ አድርጋችሁ የጠፈርተኛዋን ትንፋሽ ብቻ ተዉ፤ በድምፅ ድራማ ከፍንዳታ ይልቅ ይህ ያስፈራል። ከምድር ማርስ ላለ ሰው በሬዲዮ እየተቀባበሉ የሚያወሩ ከሆነም መልእክቱ ለአንድ ጉዞ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅ የሚያስታውሳችሁ ይኖራል። የመነሻው ታሪክ የራሱ ፈጣን መገናኛ ካለው ስሙን አንዴ ጥቀሱ፤ ከሌለው ጭውውቱን ወደ ተላከ መልእክት ቀይሩት።

ምን ይስተካከል

ኦዳሲቲ ላይ ድራማውን ከፍታችሁ የእያንዳንዱን አድማጭ ደቂቃ በሌብል (ድምፁ ሥር በሚቀመጥ የጽሑፍ ምልክት) አስገቡ፤ እያጫወታችሁ ኮንትሮልና ኤም ስትጫኑ ያላችሁበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሌብሎቹ የተደራረቡበት ቦታ ያለ ክርክር ይታያችኋል። ከስድስት ሰው አንዱ ብቻ ያነሳውን በማስታወሻ ተዉት፣ ሁለት ያነሱትን እንደገና አድምጡ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያነሱትን አስተካክሉ። በሁለት ነገር ግን አንድ ሰው ይበቃል። አንደኛው «አልተሰማኝም» ነው። ሁለተኛው የድምፅ አወጣጥ ነው፦ ተንኮለኛውን ወይም ሞኙን ሮቦት የአንድን አካባቢ ሰዎች አነጋገር ሰጥታችሁት ከሆነና አንድ አድማጭ ቅር ካለው፣ ድጋሚ ቅዱ። የተቀሩት በጨዋነት ዝም ብለው ይሆናል።

የተዋናዮችን ነገር በጥንቃቄ ያዙ። በነጻ የሚሠራ ሰው ስለ ድምፁ የተጻፈውን ስክሪንሾት በግሩፕ ላይ ማየት የለበትም። ለብቻው፣ ሊያርመው የሚችለውን ብቻ ንገሩት፦ ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ በል፣ በ እና ፐ ላይ ፊትህን ትንሽ ዘወር አድርግ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትተነፍስ አትጨርሰው። «ድምፅህ አይመቸኝም» የሚለው ለእሱ አይደርስም፤ ከሆነም ያ የአመራረጥ ጉዳይ ነውና የእናንተ ነው።

ያረማችሁትን ለሰጪው መልሳችሁ ንገሩት፦ «7:40 ላይ ያልከው ተስተካክሏል፣ ስማው»። ፋይሉን በአዲስ ስም አውጡ፣ ክፍል 1 ሙከራ 2 እያላችሁ፤ አለዚያ አሮጌው ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈ ያረማችሁት ቅሬታ ለወራት ይመጣል። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ለሁሉም ልቀቁት፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አስተያየት ክፍል ሁለት ውስጥ ይግባ።