ብየዳው ከመጋጠሚያው ሲስት፦ ዕድሜ የገፋ ዓይን ከማስክ ጀርባ

የአንድ ግቢ በር እየሠራሁ ነበር። ማጠፊያውን ከቱቦላሬው ጋር በየድኩት። ብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት በመዶሻ ሳራግፍ መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ወጣ። ግን መጋጠሚያው ላይ አልነበረም። ሦስት ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሽቶ ቱቦላሬው ላይ ብቻ ተኝቷል። ማጠፊያውን በመዶሻ ነካ ሳደርገው ወለቀ። ረዳቴ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ ደክሞዎታል» አለኝ። እኔም እጄ የከዳኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። እጄ ግን ደህና ነበር። የማላየውን መጋጠሚያ ነበር የምበይደው።

አርባን ካለፍን በኋላ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። በእጃችን፣ በኤሌክትሮዱ (ቀልጦ መጋጠሚያውን በሚሞላው ዘንግ) ወይም በማሽኑ እናሳብባለን። አምፔር እንጨምራለን። አዲስ ማስክ እንገዛለን። ከዚያ በፊት አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። ማሽኑን አጥፉ። በምትበይዱበት አቋም ሆናችሁ፣ ማስኩን አንስታችሁ መጋጠሚያውን እዩት። ብዥ ካለባችሁ ችግሩ የርቀት ነው፤ መነጽር ይፈልጋል። ጥርት ብሎ ከታያችሁና ማስኩ ሲወርድ ብቻ ከጠፋ፣ ችግሩ የብርሃን ወይም የመስታወት ነው። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ያለ ማስክም ብዥ ይላል

ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይጠጥራል። 40 ዓመት አካባቢ ሲደረስ ቅርብ ነገር ላይ ማነጣጠር ያቅተዋል። ማንም አያመልጠውም። ስልክ ለማንበብ ክንድ መዘርጋት የጀመረ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። ብየዳ ላይ ደግሞ አንገት ሳይታወቅ ወደ ኋላ ይሸሻል።

መፍትሄው የማንበቢያ መነጽር ነው፤ ቁጥሩ ግን በሥራችሁ ርቀት መሆን አለበት። ማሽኑ እንደጠፋ፣ ያልተነካ ባለ 3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ አንሱ። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሳንቲሜትር ነው። አንዱን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ አድርጉና ሌላውን ወደ ቅንድባችሁ አቅኑት። ቅንድባችሁ ጋ ከደረሰ ርቀታችሁ 35 ነው። ግማሽ ስንዝር ከጎደለው 45 ገደማ ነው። አሁን 100ን ለርቀቱ አካፍሉ። 50 ከሆነ +2.00፣ 40 ከሆነ +2.50 ይመጣል። ሩቅ ደህና ለሚያይ ሰው ይህ ጣሪያው ነው። ዓይኑ ገና የራሱ ጉልበት ካለው ያነሰ ይበቃዋል። በ45 ዓመቱ በ+1.00 ወይም በ+1.50 በደንብ የሚሠራ ሰው አለ።

ትልቅ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ አትግዙ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ወደ ፊት ይቀርባል። ትልልቆቹ በያጆች +3.00 አድርገው ጭሱ ውስጥ ፊታቸውን ሲደፉ ሳይ ያሳዝነኛል። ዓይናቸውን ሊረዱ ብለው ሳንባቸውን ይጎዳሉ።

ከላይ ሩቅ ከታች ቅርብ የሚያሳየው መነጽር ለእኛ ሥራ አይመችም። ቅርቡን በታችኛው በኩል ለማየት አገጭን ማንሳት ያስፈልጋል። ከራስ በላይ ስትበይዱ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ለብየዳ ብቻ የሚሆን ባለ አንድ ቁጥር መነጽር ይኑራችሁ። ሌላው አማራጭ ማስኩ ውስጥ፣ ከጥቁሩ መስታወት በስተኋላ የሚገባ ማጉያ ሌንስ ነው። እሱም በቁጥር ይሸጣል። አይወድቅም፣ ከጆሮ አይንሸራተትም። ማስኩን ስታነሱ ግን አብሮ ስለሚነሳ፣ ለመለካት መነጽሩ ያስፈልጋችኋል። ግራይንደር ስትይዙ ደግሞ የማንበቢያ መነጽር መከላከያ አይደለም። ከላዩ መከላከያ መነጽር አድርጉ።

ማስኩ ሲወርድ ሁሉም ይጨልማል

መጀመሪያ ከጥቁሩ መስታወት ፊት ያለውን ነጭ መከላከያ አውጡና ወደ ብርሃን አንሱት። ፍንጣሪ በልቶት ጉም መስሎ ታገኙታላችሁ። ይህ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ የምንዘነጋውም እሱን ነው። ቀይሩት። የውስጡንም አጽዱት፤ ትንፋሽና ላብ ይሸፍነዋል።

ካልተሻለ የጥቁሩን መስታወት ቁጥር እዩ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይጨልማል። ወጣት እያላችሁ በ11 ቁጥር ሠርታችሁ ይሆናል። አሁን ብሌኑ ጠቧል፣ ሌንሱም ቢጫ ሆኗል፤ የሚገባው ብርሃን ቀንሷል። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ለምንሠራው በርና መስኮት 10 ቁጥር ይበቃል። በዝቅተኛ አምፔር 9ን መሞከር ይቻላል። ከ9 በታች ግን አትውረዱ። የፀሐይ መነጽር አድርጎ መበየድማ በጭራሽ!

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነ ብርሃኑ በማስኩ ክፍተት ገብቶ ጥቁሩ መስታወት ላይ ያርፋል። ያኔ መጋጠሚያውን ሳይሆን የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ቦታ ቀይሩ፤ ካልሆነ ከማስኩ ጀርባ ወፍራም ጨርቅ አንጠልጥሉ።

መነሻው ይጠፋብኛል

ኤሌክትሮዱን የት እንደምትጭሩ ካጣችሁ፣ ከመጋጠሚያው ጎን በጠመኔ ወፍራም መስመር አስምሩ። ጠንካራ መብራት ከጎን አስጠግታችሁ መጋጠሚያው ላይ አብሩ። ከዚያ ብየዳውን ሳታስነሱ፣ እጃችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ አስኪዱት። አቅም ካለ አውቶማቲክ (ብየዳው ሲበራ በራሱ የሚጠቁር) ማስክ እዚህ ላይ ነው የሚያግዘው። ብየዳው እስኪበራ ድረስ ስለሚያሳይ መነሻው አይሰወርም። ሴንሰሮቹን ፍንጣሪ ከሸፈናቸው ወይም ባትሪው ከደከመ ግን መጥቆሩን ይስታል።

ብርሃኑን አያለሁ፣ ብረቱን አላይም

ዓይናችሁን ከነበልባሉ አንሱና ከኋላው ያለውን አስተውሉ። የቀለጠው ብረት እንደ ውሃ ያብረቀርቃል፤ ዳርና ዳሩ ሁለቱን ብረቶች ሲነካ ይታያል። ቅርፊቱ ደብዘዝ ብሎ፣ እንደ ወፍራም ወጥ እየተጎተተ ይከተላል። ቅርፊቱ ቀድሞ ወደ ኤሌክትሮዱ ጫፍ ከመጣ አምፔሩ አንሷል፣ ወይም ኤሌክትሮዱን በጣም አቁማችሁታል። በትክክለኛው መነጽርና በንጹህ መስታወት ይህን መለየት ካልቻላችሁ፣ ነገሩ ከዎርክሾፕ ያልፋል።

ሐኪም ጋ የሚያስኬድ

ማታ የመኪና መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ማየት፣ ቀለም መደብዘዝ፣ መነጽር ቢቀየርም ብዥታው አለመልቀቅ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊሆን ይችላል። በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ፣ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰላችሁ፣ ለነገ አታሳድሩት።

ከብየዳ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት አሸዋ እንደገባበት የሚቆጠቁጠው ሌላ ነው። ብርሃኑ የዓይኑን ፊት አቃጥሎት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ያቀዘቅዛል እንጂ አያክምም፤ ቆሻሻም ሊያስገባ ይችላል። የሚያደነዝዝ ጠብታ ገዝቶ ደጋግሞ መጨመር ደግሞ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

መነጽር ልትለኩ ስትሄዱ ያን ኤሌክትሮድ ይዛችሁ ሂዱ። አለበለዚያ የሚለካላችሁ ለጋዜጣ ርቀት ነው። የምትሠሩበትን ርቀት በእጃችሁ አሳዩ፤ ከራስ በላይ እንደምትበይዱም ንገሩ። ማስኩንም አትርሱ፤ ሰፊ ፍሬም ያለው መነጽር ከውስጡ ላይገባ ይችላል።