ያረጀ ፒካፕን ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ ለማልበስ በጀት አወጣጥ

ፒካፑን ከፍ ለማድረግ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለት ነገር ዋጋ ይጠይቃል፤ የማንሻ ዕቃውንና የአራት ጎማውን። ሁለቱን ደምሮ ጋራዥ ይገባል። ሃያ ዓመት ያገለገለ መኪና ግን ገንዘብ የሚበላው ከሁለቱ ውጭ ባለው ነገር ነው፦ ያለቀ ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያዎች መሀል ያለ ላስቲክ)፣ የላላ ቦል ጆይንት (የፊት ጎማ እንዲዞር የሚያስችል ኳስ መሰል መጋጠሚያ)፣ ዝገት የያዘው ብሎን፣ መኪናው ከፍ ሲል የሚያጥር የፍሬን ቱቦ። ስለዚህ በጀቱ የሚጀመረው ከዕቃ መሸጫ ሳይሆን ከመኪናው ሥር ነው።

መኪናው ሥር ገብቶ ማየት

የፊቱን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ ክሪክ ብቻ ይዞት ሥሩ አይግቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ጨዋታ (ልቅ እንቅስቃሴ) ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝ ያድርጉና ይድገሙት። ጨዋታው ከጠፋ ያለቀው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኙን ይዘው ሲነቀንቁ ብቻ የሚሰማ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) ወይም ከመሪው ሳጥን ይመጣል።

ቀጥሎ ጎሚኒዎቹን ይዩ። የተሰነጠቀ፣ የተፈረፈረ ወይም የመሀል ብረቱ ወደ አንድ ጎን የሸሸ ከሆነ በዝርዝሩ ላይ ይጻፉት። ባሌስትራው (ክብደት የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ንጣፎች) ላይ የተሰነጠቀ ንጣፍ ይፈልጉ። መኪናው ባዶ ሆኖ ባሌስትራው ቀጥ ካለ ወይም ወደ ታች ከታጠፈ አልቋል። የሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ) ላስቲክ ግራሶ እየተፋ እንደሆነ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ሲታጠፉ ስንጥቅ እንደሚያሳዩ ይመልከቱ። ሻንሲውን፣ በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ በትንሽ መዶሻ ይምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠና ዝገቱ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ማንሳቱ ይቆይና ገንዘቡ መጀመሪያ ለብየዳ ይሁን።

በመጨረሻ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው በአራቱም ጎማዎች ከቸርኬው መሀል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩና ይጻፉ። ይህ ልኬት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ለዓመታት ጭነት ሲሸከም የኖረ ፒካፕ ከፋብሪካ ከወጣበት ከፍታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ከሆነ ባለቤቱ "5 ሴንቲ ሜትር ማንሳት" ብሎ ከሚከፍልበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀድሞው ከፍታ መመለስ ብቻ ነው። አንዳንዴም ጤነኛ አዲስ ባሌስትራና ሞላ ብቻ ለተፈለገው ጎማ በቂ ቦታ ይከፍታል።

የጎማውን ልክ መወሰን

ከፍታውን የሚወስነው ጎማው ስለሆነ ማንሻ ዕቃው የሚገዛው የጎማው ልክ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። 265/70 አር 16 የሚል ጎማ ወርዱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 በመቶ፣ ማለትም 185.5 ሚሊ ሜትር ነው። ያንን በሁለት አባዝተው የቸርኬውን 406 ሚሊ ሜትር (16 ኢንች) ሲደምሩ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። 285/75 አር 16 በዚሁ ስሌት 834 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ መኪናው ከመሬት የሚነሳው የልዩነቱን ግማሽ፣ 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ለእነዚያ 28 ሚሊ ሜትሮች የሚከፈለው ግን ብዙ ነው። ዙሪያው 7 በመቶ ስለጨመረ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነት 107 ላይ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም 10,000 ሲቆጥር የተነዳው ወደ 10,700 ስለሆነ ዘይት የሚቀየረው ዘግይቶ ነው። የዲፈረንሻሉ ሬሾ (ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ፣ የሚዞርበት ብዛት) 4.10 ከነበረ ሞተሩ የሚሰማው እንደ 3.82 ነው፦ ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ አይይዝም፤ ከቆመበት ሲነሳ ፍሪሲዮን ይበላል። የቀድሞውን ጉልበት ለመመለስ ወደ 4.4 የሚጠጋ ሬሾ ያስፈልጋል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ላይ ደግሞ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አብረው ወደ አንድ ዓይነት ሬሾ መቀየር አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ ፎር ዊል ማስገባት ማስተላለፊያውን ይሰብራል። የሬሾ ቅየራ ብቻውን ከማንሻ ዕቃው ሊበልጥ የሚችል ወጪ ነው።

በአንጻሩ 265/75 አር 16 ዲያሜትሩ 804 ሚሊ ሜትር ነው። ጭማሪው 3.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ወርዱም ስላልተለወጠ በቀድሞው ቸርኬ ላይ ብዙውን ጊዜ ይገባል፤ ሬሾውም ባለበት ይቀጥላል። ሞተሩ ትንሽ ወይም የደከመ ለሆነ መኪና፣ ኪሱም ላልሰፋ ባለቤት፣ ከአንድ ደረጃ በላይ አለመዝለል ትክክለኛው ምርጫ ነው። መኪናው ለዓይን ትንሽ ያነሰ ይመስላል፤ ይነዳል ግን።

ጎማ ሲገዙ አምስት ይግዙ። ስኮርቱ ትንሽ ሆኖ ከቀረ አንድ ጎማ በፈነዳ ቀን ግራና ቀኙ እኩል አይዞርም፤ በኋላ አክስል ላይ ይህ ዲፈረንሻሉን ያሞቃል። ትልቁ ስኮርት በካሶኑ ሥር ባለው የድሮ ቦታው ላይገባ ስለሚችል አስቀድመው ይለኩ። የጭነት መጠን ቁጥሩ ከፋብሪካው ጎማ ማነስ የለበትም። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም ያንብቡ፦ 3221 ማለት በ2021 በፈረንጆች ዓመት 32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ርካሽ "አዲስ" ጎማ አንዳንዴ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው።

ቸርኬ መቀየር ካለበት ወርዱ ብቻ ሳይሆን ኦፍሴቱም (ቸርኬው ከመታሰሪያው አንጻር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚቀመጥበት ልክ) ይታይ። ከ+30 ወደ 0 የሄደ ቸርኬ እያንዳንዱን ጎማ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። ጎማው ሲዞር ሰፊ ክብ ስለሚሠራ ፓራፋንጎ ይመታል፤ በኩሽኔታውና በመሪው ላይም ጫና ይጨምራል። የቸርኬው ዳዶ አቀማመጥ ሾጣጣ ይሁን ጠፍጣፋ ያረጋግጡ፤ የማይገጥም ዳዶ እየላላ ይወጣል።

የማንሳቱ ሥራ

የፊቱ ቶርሽን ባር (በሞላ ፋንታ እየተጠመዘዘ ክብደት የሚሸከም ዘንግ) ከሆነ ከፍታ የሚገኘው ማስተካከያ ብሎኑን በማጥበቅ ስለሆነ ዕቃ አያስወጣም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው አለልክ የሚያነሳው። መጀመሪያ ከብሎኑ ውጭ የሚታየውን ጥርስ ለክተው ይጻፉ፤ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ባሩ ሲላላ ብቻ ያጥብቁ። መኪናውን አውርደው ጥቂት ከነዱት በኋላ በላይኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ) እና ወደ ታች መውረዱን በሚያቆመው ላስቲክ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። ላስቲኩን ሊነካ ከተቃረበ ከመጠን ያለፈ ነው፦ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ "ጓ" ይላል፤ ሰውም ባሩ ጠነከረ ብሎ ያማርራል። የጠነከረ ነገር የለም፤ አርሙ ወደ ታች የሚሄድበትን ቦታ ጨርሷል። ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ መሄድ የሲቪ ጆይንቱንና የቦል ጆይንቱን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ያን ያህል የሚፈልግ ሰው ለፊት ዲፈረንሻሉ ማውረጃና ለሌላ የላይኛ አርም ይመድብ። ሞላ ያለው ፊት ላይ ከሞላው በላይ የሚገባ ስፔሰር ርካሽ ነው፤ ሞላው ራሱ ከደከመ ግን የደከመውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ በአዲስ ሞላ መቀየር ይሻላል።

የኋላ ባሌስትራ ላይ አራት መንገድ አለ። ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ውዱና ጥሩው ነው። ተጨማሪ ንጣፍ ማስገባት ርካሽ ነው፤ የቀሩት ንጣፎች ካለቁ ግን አዲሱ ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ይሰበራል። ብሎክ፣ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው፣ በኋላ በኩል በትንሽ ቁመት ይሠራል፤ ሁለት ብሎክ መደራረብ ወይም በፊት አክስል ላይ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይደረግም። ረዥም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ብረት) ከጨመረው ርዝመት ግማሹን ያህል ብቻ ያነሳል፣ አክስሉንም ስለሚያዞረው ካርዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ለዚህ በጀት አይመረጥም።

ሰውነቱን ብቻ ከሻንሲው የሚያነሳ ስፔሰርም አለ። የመሪውን ዘንግ፣ የማርሽ ዘንጉን፣ የነዳጅ መሙያ ቱቦውንና የራዲያተሩን መሸፈኛ አንድ በአንድ ማስተካከል ይጠይቃል። በአሮጌ መኪና የሰውነት ብሎኖች ሲፈቱ ስለሚበጠሱ ርካሽነቱ ያታልላል።

ከማንሻው ጋር የማይሸጡልዎ ነገሮች

መኪናው በ5 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ እነዚህ በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለባቸው፦

አሞርዛተር፦ የድሮው አጭር ስለሚሆን ባሌስትራው ገና ሳይጨርስ እሱ ተወጥሮ ያቆመዋል፤ ውስጡ ይበጠሳል። ሲወጠርም ሲታጠፍም ያለው ርዝመት ታይቶ ይገዛል።

የፍሬን ቱቦ፦ አክስሉ እስከ መጨረሻው ወርዶ መሪው ግራና ቀኝ ሙሉ ሲዞር መወጠር የለበትም።

የኋላ ፍሬን ማከፋፈያ ቫልቭ፦ ብዙ ፒካፖች ላይ ይህ ቫልቭ በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዞ የጭነቱን መጠን በከፍታ ያነባል። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለኋላ ፍሬን ኃይል ይቀንሳል። ጎማው ከብዶ ፍሬን ይበልጥ በሚፈለግበት ሰዓት መሆኑ ነው ክፋቱ። የዘንጉ ማሰሪያ ኋላው በተነሳው ልክ ከፍ ይደረጋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

ዩ ቦልትና የባሌስትራ መሀል ብሎን፦ ሁልጊዜ አዲስ። አንዴ የተወጠረ ዩ ቦልት ተመልሶ በትክክል አይዝም።

ካርዳን፦ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የመሀል ኩሽኔታው ጥቂት ዝቅ እንዲል ስፔሰር ይፈልጋል፤ ክሮቼራዎቹም (የካርዳኑ መስቀለኛ መጋጠሚያዎች) ጨዋታ ካላቸው አሁን ይቀየሩ።

የገንዘቡ አከፋፈል

ያለዎትን 100 ቢሉት፣ ለአሮጌ ፒካፕ እንዲህ መጀመር ይቻላል፦ 35 ለአምስት ጎማ፣ 20 ለባሌስትራ፣ ለሞላና ለአሞርዛተር፣ 20 በምርመራው ለተገኙ ያለቁ ዕቃዎች፣ 10 ለሥራና ለአላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ)፣ 15 ለድንገተኛ። ቸርኬ መቀየር ከመጣ ከሁሉም ይቆርጣል። የሬሾ ቅየራ እዚህ ውስጥ የለም፤ የሚያስፈልግ ከሆነ እንደ ሌላ ፕሮጀክት ይያዝ። ድንገተኛው 15 የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለማይፈቱ ብሎኖች ነው። ከሥራው ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ በየቀኑ ዝገት ፈቺ ዘይት መርጨት ከዚህ ብዙውን ያተርፋል። ጎሚኒ ውስጥ በዝገት የተጣበቀ ብሎን ግን ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ለእያንዳንዱ ባሌስትራ አዲስ ብሎንና ጎሚኒ አስቀድሞ ይገዛ።

ገንዘቡ አንድ ላይ ካልተገኘ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የመሪና የፍሬን ጥገና፣ ቀጥሎ ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር፣ በመጨረሻ ጎማ። የድሮው ጎማ ከፍ ባለ መኪና ላይ ለጥቂት ወራት ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። ትልቅ ጎማ በላላ ቦል ጆይንት ላይ መጫን ግን አደጋ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በሚኖሩበት አገር ለመኪና ከፍታና ለጎማ ልክ ገደብ እንዳለ፣ የዓመታዊ ምርመራና የመድን ውሉ ምን እንደሚል ይጠይቁ።

ሲገጠም

የባሌስትራና የአርም ጎሚኒ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው። ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዞ ስለሚቀር በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ዩ ቦልቱን በቶርክ ሬንች፣ ተራ በተራ በመስቀለኛ ያጥብቁ፤ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ይድገሙት፣ በ500ም እንዲሁ።

ጎማው መምታት አለመምታቱን ሜዳ ላይ አይፍረዱ። መሪውን ሙሉ አዙረው አንዱን የፊት ጎማ መወጣጫ ላይ ያውጡትና እስከ መጨረሻው ይጨመቅ። ማንሳት ሙሉ ሲጨመቅ ያለውን ቦታ አያሰፋም፤ እዚያ ላይ ጎማውን ከፓራፋንጎ የሚያድነው ማቆሚያ ላስቲኩ ነው። ከመታ ረዘም ያለ ማቆሚያ ላስቲክ ማስገባት ፕላስቲክ ከመቁረጥ ይቀድማል። ከኋላ በኩል የካቢኑን ማሰሪያ ከነካ ግን ቆርጦ መበየድ ስለሚመጣ በዚያው ሂሳብ ወደ አንድ ደረጃ ትንሽ ጎማ መመለስን ያስቡ።

አላይመንቱ የሚሠራው ሞላውና ባሌስትራው ትንሽ ከተቀመጠ፣ ማለትም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው። እስከዚያ ቶው (የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) ብቻ በሜትር ተለክቶ ይስተካከል፤ አዲስ ጎማ በተዛባ ቶው ከተነዳ ጠርዙ በፍጥነት ያልቃል። ባለሙያው ካስተሩ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ) ከልክ በታች ነው ካለና መሪው ከዞረ በኋላ ራሱ የማይመለስ ከሆነ፣ በአንድ ወጥ የፊት አክስል ላይ መፍትሔው የካስተር ጎሚኒ ወይም ሽብልቅ ነው፤ ከድንገተኛው 15 ላይ ለእሱ የተረፈ ይኑር።