ስለ ቪክቶሪያ ዘመን ልጅነትና መጫወቻዎች ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ስለ ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ንግሥት ቪክቶሪያ በብሪታንያ ስለነገሡበት ጊዜ፣ ሲማሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከመጫወቻ ነው። መጫወቻ ለልጅ ቅርብ በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ስለዚያ ዘመን ልጆች የተዛባ ግንዛቤ ያስይዛል።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚታየውን ዕቃ የልጆች ሁሉ መጫወቻ አድርጎ ማቅረብ ነው። ፊታቸው ከሰም የተሠራ አሻንጉሊቶች፣ ባለብዙ ክፍል የአሻንጉሊት ቤቶች፣ እየተወዛወዙ የሚጋለቡ የእንጨት ፈረሶች፣ እንዲሁም ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች እሑድ እሑድ ጭምር የሚፈቅዷቸው የኖኅ መርከቦች በአመዛኙ የባለጸጎች ልጆች ንብረት ነበሩ፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የቆዩትም ውድ ስለነበሩና በጥንቃቄ ስለተያዙ ነው። የድሃ ልጅ አሻንጉሊት ግን ከአሮጌ ጨርቅ ወይም ከእንጨት ቁራጭ ስለሚሠራ አልቆ ይጣል ነበር። ስለዚህ ተማሪዎች የመጫወቻውን ስም ከመሸምደዳቸው በፊት «ይህ የማን ነበር? የሌሎቹስ ልጆች መጫወቻ የት ደረሰ?» ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ ይገባል።

ይህን ለማረም ሲባል የድሃ ልጆች ከነጭራሹ አይጫወቱም ነበር ማለትም ትክክል አይደለም። በየመንገዱ ብይ ይጫወቱ፣ ገመድ ይዘሉ፣ ቸርኬ ይነዱ፣ በእኛ አገር ሰኞ ማክሰኞ የምንለውን ዓይነት ጨዋታም መሬት ላይ ሥለው ይጫወቱ ነበር። በብሪታንያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች እነዚህን ጨዋታዎች ከራሳቸው ልጅነት ስለሚያውቋቸው፣ ለልጆቻቸው በተግባር ቢያሳዩዋቸው ትልቅ እገዛ ነው።

ዘመኑን እንደ አንድ ወጥ ጊዜ መቁጠርም የተለመደ ስህተት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የልጆች ኑሮ በእጅጉ ተለውጧል። ከመንገሣቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በ1833 የወጣው ሕግ ከ9 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር፤ የ1842ቱ ሕግ ደግሞ ሴቶችን በሙሉ፣ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶችንም ከማዕድን ጉድጓድ አስወጣ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርት ግዴታ የሆነው ግን በ1880 ነው። ስለዚህ በ1840 የነበረች የ8 ዓመት ልጅና በ1895 የነበረች እኩያዋ ለጨዋታ የነበራቸው ጊዜ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ይህ ካልተነገረ ተማሪዎች ሥራ፣ ትምህርትና ጨዋታ ምን ያህል እንደተያያዙ አይረዱም።

ቴዲ ቤር የተባለውን የድብ አሻንጉሊት ከዘመኑ መጫወቻዎች ጋር መደርደርም መታረም አለበት፤ የተሠራው ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ ነውና።

በመጨረሻም፣ መጫወቻዎቹ ሁሉ እንግሊዝ ውስጥ እንደተሠሩ አድርጎ መናገር አይገባም። ብዙዎቹ የመጡት ከጀርመን፣ በተለይም ከኑረምበርግና ከዞነበርግ አካባቢ ነው። በዞነበርግ ዙሪያ ባሉ መንደሮች አሻንጉሊት የሚሠራው በአብዛኛው በየቤቱ ሲሆን፣ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ለእኔ በክፍል ውስጥ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በለንደን አንዲት ልጅ የታቀፈችው አሻንጉሊት የሌላ ልጅ የሥራ ውጤት ሊሆን እንደሚችል የተረዳ ተማሪ ስለ ሁለቱም ልጆች መጠየቅ ይጀምራል።