መነሻ የኮርስ ብስክሌት ላይ ዕቃ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በመሀል ያለው የሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ለወሎ ብስክሌተኛ ገንዘብ የሚገባውንና የማይገባውን ዕቃ የሚለየው ይህ መንገድ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚነሱት ጥያቄዎችም ሁለት ናቸው፤ ዳገቱን ያስወጣኛል ወይ? ቁልቁለቱ ላይስ ያቆመኛል ወይ?

በመነሻ፣ ማለትም በርካሽ የኮርስ (የአስፋልት መንገድ) ብስክሌት ላይ ዕቃ መቀየር ያዋጣል? አዎ፣ ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን ጥቂት ዕቃ፣ በቅደም ተከተልና በልኩ ሲቀየር ነው። ገንዘብ የሚባክነው ከዚህ በታች ባሉት ስህተቶች ነው።

ስህተት 1፦ ክብደት በመቀነስ መጀመር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ቀላል የመቀመጫ ዘንግ፣ ቀላል መሪ ወይም ቀላል ፔዳል ነው። እስቲ እናስላው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 11 ኪሎ ብስክሌት ይዞ ውሃና ልብሱ ሲጨመር 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኪሎ መቀነስ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ነው። ሐረጎን በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚወጣ ሰው ከዚህ የሚያተርፈው 30 ሴኮንድ ገደማ ነው። ለውድድር ለሚዘጋጅ ሰው 30 ሴኮንድ ቁም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ማርሹ ዳገቱን ለማያስወጣው ግን ምንም አይጠቅመውም። ግማሽ ኪሎውን ለማውረድ የሚወጣው ገንዘብ ፒኞን (የኋላውን ጥርሶች)፣ ካቴና፣ የፍሬን ጎማና ሁለት የውጭ ጎማ ሊገዛ ይችላል።

ስህተት 2፦ ጥርስ ሳይቆጥሩ ማርሽ መግዛት

ዳገት ላይ የሚያስጨንቀው ብዙውን ጊዜ የማርሹ ጥራት ሳይሆን የጥርሱ ቁጥር ነው። የፊተኛውን ትንሹን ጥርስ ቁጥር ለኋለኛው ትልቁ ጥርስ ቁጥር ያካፍሉ። 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው የኮርስ ቸርኬ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.1 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህን በውጤቱ ሲያባዙ በአንድ የፔዳል ዙር የሚሄዱትን ርቀት ያገኛሉ።

ከፊት 52 እና 42፣ ከኋላ ትልቁ 28 የሆነ የቆየ ኮርስ እንውሰድ። 42 ለ28 ሲካፈል 1.5 ነው፤ በአንድ ዙር 3.15 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር ፍጥነቱ በሰዓት 11.3 ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ፍጥነት 8 በመቶ ዳገት ላይ ለመያዝ ለ80 ኪሎ ከ200 ዋት በላይ ያስፈልጋል። ያን ያህል ጉልበት የሌለው ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 40 ጊዜ እየረገጠ ይወጣል፤ ማታ ጉልበቱን የሚያመውም ለዚህ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ከሆነ 60 ዙሩ በሰዓት 9.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 34 በ34 ከሆነ ደግሞ 7.6፤ የሚፈለገው ኃይል ወደ 140 ዋት ይወርዳል። መካከለኛ አቅም ያለው ሰው ሐረጎን ተቀምጦ የሚወጣው በዚህ ነው። ለመነሻ ብስክሌት ከዚህ የበለጠ የሚያዋጣ ለውጥ የለም።

ገንዘብ የሚጠፋው ግን እዚሁ ላይም ነው። ባለ 7 ማርሽ ርካሽ ብስክሌቶች አብዛኞቹ ፒኞናቸው በሞዞው (በቸርኬው መሀል ባለው ክፍል) ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው። ካሴት የሚባለው በቦይ የሚገባው ዓይነት እዚህ ሞዞ ላይ አይገጥምም። ሳያረጋግጡ የገዙ ሰዎች ሞዞ ለመቀየር፣ ከዚያም ቸርኬውን በሙሉ ለመቀየር ይገደዳሉ። የመለያው ዘዴ ቀላል ነው፦ የኋላውን ቸርኬ አውጥተው ጥርሶቹን ፔዳል ወደማይረገጥበት አቅጣጫ ያዙሩ። መፍቻ የሚገባበት መሀለኛው ቀለበት ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ ብቻ ዞረው እሱ ከቆመ የሚጠመዘዘው ዓይነት ነው። ለሚጠመዘዘው ዓይነትም 14–34 የሆነ ባለ 7 ፒኞን አለ። ከ24 ወደ 34 በአንዴ ስለሚዘል ለሜዳ አይመችም፤ ዳገት ለማውጣት ግን ይበቃል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ካምቢዮ ነው። እያንዳንዱ ካምቢዮ የሚችለው ትልቁ ጥርስና የሚሸከመው ጠቅላላ ልዩነት አለው። ልዩነቱ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ከፊት 50 ሲቀነስ 34፣ 16፤ ከኋላ 34 ሲቀነስ 11፣ 23፤ ድምሩ 39። አጭር ክንድ ያለው ካምቢዮ ይህን አይችልም፤ ካቴናው ትንሽ በትንሽ ላይ ሲሆን ይንጠለጠላል፤ ትልቅ በትልቅ ላይ ሲሆን ደግሞ ተወጥሮ ካምቢዮውን ሊሰብር ይችላል። የሞዴሉ ቁጥር ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመግዛትዎ በፊት አቅሙን በዚያ ቁጥር ይፈልጉ።

ትልቅ ፒኞን ሲገባ አሮጌው ካቴና ያጥራል። አዲሱን ሲቆርጡ በካምቢዮው ውስጥ ሳያሳልፉ ከፊት ትልቁና ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ጠምጥመው፣ ከሚገናኝበት ቦታ አንድ ሙሉ ኢንች፣ ማለትም አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ማያያዣ ጨምረው ይቁረጡ። ከዚያ በካምቢዮው የኋላ ብሎን ላይኛውን ትንሽ መዘውር ከትልቁ ጥርስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያርቁት። ከተጠጋ ይንጫጫል፤ ከራቀ ማርሹ እየዘገየ ይገባል።

ስህተት 3፦ የተበላ ፒኞን ላይ አዲስ ካቴና መግጠም

ካቴና የሚለካው በብረት ማስመሪያ ነው። ከፒን መሀል ተነሥተው 24 ክፍተት ይቁጠሩ፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ (ለባለ 7፣ 8 እና 9 ማርሽ) ካቴናውን ብቻ መቀየር ይበቃል። 308 ካለፈ ግን የፒኞኑ ጥርስ አብሮ ተበልቷል፤ አዲሱ ካቴና ጉልበት ሲጨመርበት ይዘላል። የሚዘለውም ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ቆመው በሚረግጡበት ሰዓት ነው፤ ሰው የሚወድቀውም ያኔ ነው። ካቴናን በጊዜው መቀየር ፒኞኑን ያቆያል፤ ፒኞኑ ደግሞ ከካቴናው ይልቅ ይወደዳል።

ስለ ዘይት አንድ ነገር፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካቴና ላይ አይደረግም። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ከኮምቦልቻ አቧራ ጋር ሲቀላቀል ፒኑን ይሞርደዋል። በነጭ ጋዝ አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ከዚያ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ካደረጉ በኋላ ውጩን በጨርቅ ይጥረጉ። በክረምት ከዝናብ በተመለሱ ቁጥር ይህን ይድገሙት።

ስህተት 4፦ ፍሬንን መጨረሻ ላይ ማሰብ

80 ኪሎ ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ 470 ኪሎ ጁል ጉልበት ይለቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን ወደ ፍሬን ጎማውና ወደ ቸርኬው የሚሄድ ሙቀት ነው። ከርካሽ ብስክሌት ጋር የሚመጣው የፍሬን ጎማ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው፤ ሲሞቅ ይንሸራተታል፤ ሲረጥብ ጭራሽ አይይዝም። ለስላሳና ጥሩ የፍሬን ጎማ መግዛት ከአዲስ ፍሬን በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ልዩነቱ ግን ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ይታወቃል።

ሲገጥሙት ጎማው ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ጠርዙ የውጭ ጎማውን ከነካ በአንድ ቁልቁለት ይቆርጠዋል። የፊት ጫፉ ከኋላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይንካ፤ ይህ ጩኸትን ይቀንሳል። በየሁለት ሳምንቱ ፊቱን ይመልከቱ፦ የሚያብረቀርቅ የአሉሚንየም ፍንጣሪ ተሰክቶበት ከሆነ በመርፌ ያውጡ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ከለሰለሰ በአሸዋ ወረቀት ያሻክሩት። ፍንጣሪውን ችላ ካሉት ቸርኬውን ይበላዋል። የቸርኬው ጎን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ ደግሞ ዕድሜው አልቋል።

ከሁሉ የከፋው የፍሬንንና የማርሽን የኬብል ሽፋን ማምታታት ነው። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሽ ሽፋን 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውስጡ ለረጅሙ የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። የማርሹን ሽፋን ለፍሬን ከተጠቀሙበት በኃይል ሲጨብጡ ሽቦዎቹ ተበታትነው ሽፋኑ ይፈነዳል፤ ፍሬኑም በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሱቁ «ያው ነው» ቢልም እንኳ ያው አይደለም፤ ጫፉን አይተው ይግዙ። ኬብሉም ይለያያል፦ የፍሬን 1.5 ወይም 1.6፣ የማርሽ 1.1 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር። ሽፋኑን ሲቆርጡ ጫፉን በሞረድ ደልድለው ቀዳዳውን በመርፌ ይክፈቱ፤ የተጨማደደ ጫፍ አዲሱን ኬብል እንደ አሮጌ ያከብደዋል።

ያገለገለ የካርቦን ቸርኬ በሐረጎ በኩል ለሚመላለስ የጎማ ፍሬን ብስክሌት አይመከርም። ረጅም ቁልቁለት ላይ በሙቀት ማጣበቂያው ሊለሰልስና ቸርኬው ሊበላሽ ይችላል። ደህናውን የአሉሚንየም ቸርኬ ሸጦ እሱን መግዛት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ስህተት 5፦ ቀጭን ጎማ ፈጣን ነው ብሎ ማመን

23 ሚሊ ሜትር ጎማ በ120 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ተወጥሮ ሻካራ አስፋልት ላይ ይነጥራል፤ እያንዳንዱ ንጥረት የጠፋ ጉልበት ነው። ፍሬሙ የሚያስገባ ከሆነ 28 ይግጠሙ፣ ካልሆነ 25። ከጎማው ግራና ቀኝ፣ ከላይም ከፍሬኑ ሥር ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ለጭቃና ለጠጠር ነው። 65–70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከኋላ 80፣ ከፊት 72 ፒኤስአይ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚነፋበት ልክ አይደለም።

ጎሚስታ ቤት ለከባድ መኪና የሚሠራው መጭመቂያ ቀጭን ጎማ በሴኮንድ ውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል፤ በእጅ ፖምፓ ይንፉ። ሙቅ ልጣፍም የኮርስን ቀጭን ከመነዳሪ ሊጎዳ ስለሚችል በቀዝቃዛ ማስቲሽ ይለጥፉ። በተደጋጋሚ ከውስጥ በኩል የሚበሳ ከሆነ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ የራጂዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍነው የቸርኬ ቴፕ ተንሸራትቷል።

ስህተት 6፦ ማርሹን በሙሉ ወደ ከፍተኛ ደረጃ መቀየር

ከባለ 7 ወደ ባለ 11 መሄድ ማለት መቀየሪያዎቹን፣ ካምቢዮዎቹን፣ ካሴቱን፣ ካቴናውን፣ ብዙ ጊዜም የኋላውን ቸርኬ መቀየር ማለት ነው። ድምሩ ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጣል። በዚህ ገንዘብ የተሻለ ፍሬም ያለው ያገለገለ ሙሉ ብስክሌት መፈለግ ይሻላል። ዕቃ ማደባለቅም ገደብ አለው፦ የሺማኖ ባለ 8 እና ባለ 9 የኮርስ ካምቢዮዎች አብዛኞቹ እርስ በርስ ይተካካሉ፤ የባለ 11 ግን ኬብሉን የሚስብበት ልክ የተለየ ስለሆነ ከእነሱ መቀየሪያ ጋር አይሠራም። ምትኩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ። የባለ 12 ካቴና ተበጥሶ ከአዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ የማሻሻል ውጤት ሊሆን አይገባም።

ስህተት 7፦ የብሎኑን ጥርስ አቅጣጫና ልክ ሳያውቁ መፍታት

የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ በማዞር ነው። የፔዳል ክንዶቹ መሀል ያለው ኩሽኔታ 68 ሚሊ ሜትር የእንግሊዝ ልክ ከሆነ በካቴናው በኩል ያለው ጎን በተቃራኒ ይፈታል፤ 70 ሚሊ ሜትር የጣሊያን ልክ ከሆነ ሁለቱም ጎን እንደ ተለመደው ይፈታል። የቆዩ የጣሊያን ብስክሌቶች ስላሉ ኩሽኔታው የሚገባበትን የፍሬም ቱቦ ስፋት መጀመሪያ ይለኩ። መሪም እንዲሁ 25.4፣ 26.0 እና 31.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አለ፤ የ25.4 መሪ በ26.0 መያዣ ውስጥ የጠበቀ ቢመስልም ቁልቁለት ላይ ሊዞር ይችላል።

ስህተት 8፦ ገጥሞ በቀጥታ ወደ ቁልቁለቱ መሄድ

አዲስ ኬብል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለቃል፣ ሽፋኑም ቦታውን ይይዛል። ኬብል ከተቀየረ በኋላ ብስክሌቱን አቁመው የፍሬኑን እጀታ በሙሉ ኃይል 20 ጊዜ ያህል ይጨብጡ፤ እጀታው መሪውን ከነካ ኬብሉን እንደገና ይወጥሩ። ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ የኬብሉን ማስተካከያ በሩብ ዙር ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ ወደ ውስጥ። ከዚያ ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ በሚወስደው ረጋ ባለ መንገድ ላይ ይሞክሩት። ሲመለሱ የፍሬኑን፣ የመሪውንና የፔዳል ክንዶቹን ብሎኖች በብሩጎላ ደግመው ያጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ የፔዳል ክንድ በተለይ በመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይላላል፤ ላልቶ ከተነዳ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይበላና ዳግመኛ አይጠብቅም።