ፓኬት ፈቺውን ከሶኬት መለየት

ሐዋሳ ላይ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር የምንሠራው ክፍት ምንጭ የፒንግ መለኪያ (መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም) ቴስቱ ይወድቅ ነበር። ኮዱን ማንም አልነካውም። ችግሩ አንድ ፈንክሽን ሁሉንም ጠቅልሎ መያዙ ነው፤ ሶኬት (ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን በር) ይከፍታል፣ ሰዓት ያያል፣ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ጥቅል) ይፈታል።

ፓኬት የሚፈታውን ለብቻው አወጣሁት። ባይት ይቀበላል፣ ውጤት ይመልሳል፤ በቃ። ሰዓቱንም ከውጭ አቀብለዋለሁ።

ወዲያው የተደበቀ ስህተት ብቅ አለ። ኮዱ የአይፒ ቪ4 ሄደር (አድራሻዎቹን የያዘው የፓኬቱ መጀመሪያ ክፍል) ሁሌም 20 ባይት ነው ብሎ ያምናል። ኦፕሽን (ተጨማሪ መረጃ) ሲጨመርበት እኮ እስከ 60 ይደርሳል! መፍትሔው ርዝመቱን ከሄደሩ ራሱ ማንበብ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ባይት የታችኛዎቹን 4 ቢቶች ወስዶ በ4 ማባዛት ነው። ሄደሩ 24 ባይት የሆነ ፓኬት በእጄ ጽፌ ሞከርኩት፤ አለፈ።

የቀረኝ ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች የሚያሳየው) ነው። የሚመለሰው መልእክት የላክነውን ሄደር አብሮ ስለሚይዝ፣ የእሱም ርዝመት እንዲሁ መሰላት አለበት።